ምላጩ ሳይሳብ የተኮሰው የገብረሕይወት ነፍጥ

ቀን፦ ጥቅምት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.
አትላንታ፣ ጆርጂያ

ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር አባታችን፣ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለጉባኤው ሊቀ መንበር
ስቶን ማውንቴን

ጉዳዩ፦ መስከረም 22 ቀን በጉባኤው ፊት የሰጠሁት ምስክርነት ሐሰት ስለ ሆነ ተሰርዞ፣ ያለ ፍትሐት ለተቀበረው ለገብረሕይወት ወልደ ሰንበት በአርባው ቀን ፍትሐት እንዲደረግለት ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች ታደገ አምባዬ የዚህ ደብር አባል ከሆንኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ለጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ጽፌ አላውቅም። የበሩ ማጠፊያ ሲሰበር ወይም የደወሉ ምላስ ሲወልቅ ተጠርቼ አስተካክዬ ከመሄድ በቀር ከጉባኤው ጋር ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም። አሁን በጽሑፍ ያቀረብኩት፣ በቃል ልናገረው ብል አፌ መሐል ላይ እንዳይከዳኝ ስለ ፈራሁ ነው። ጉባኤው ማመልከቻዬን ሳይሰለች እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከሁሉ የከፋውን ለመጻፍ አቅም ያገኘሁት ወደ መጨረሻው ነው።

1. ጉባኤው እንደሚያውቀው፣ ወንድማችን ገብረሕይወት ወልደ ሰንበት እሑድ መስከረም 18 ቀን ከቅዳሴ መልስ፣ ፓይን ሌክ በሚገኘው ቤቱ የኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ በገዛ ነፍጡ ተመትቶ ሞተ። ልጁ ሶስና ድምፅ ሰምታ ስትወጣ የነፍጡ ሰደፍ በእግሮቹ መሐል መሬት ላይ ነበር፤ አፈሙዙ ወደ አፉ ነበር። ፖሊስ መጥቶ ሌላ ሰው እጁን እንዳላስገባ አረጋግጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ፍርድ የሰጠነው እኛው ነን።

2. ሐሙስ መስከረም 22 ቀን ጉባኤው ተሰበሰበ። ሟች ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም፤ አደጋ ከሆነ ግን እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ተፈትቶ በደብሩ የመቃብር ቦታ ያርፋል። ጸሐፊው አቶ ሕሩይ ደውለው፣ «ብረት የምታውቀው አንተ ነህ፣ ነፍጡንም የሠራኸው አንተ ነህ፤ ና አስረዳን» ስላሉኝ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር መጣሁ። የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነበር። ይህ ነፍጥ ማንም ምላጩን ሳይስበው በራሱ ሊተኩስ ይችላል ወይ? መልሴ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። «እኔ የሠራሁት ሎክ፣ ማቀጣጠያው፣ በራሱ አይተኩስም» ብዬ ነበር። አንድ አባት «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብለው ደግመው ቢጠይቁኝ «እንደ ስሜ» አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺን ቃል መልሼ ልውጣት ብል ከዚያች ሰዓት ወዲህ አልተቻለኝም።

3. ጉባኤው ራሱን ገድሏል ብሎ የወሰነው በሦስት ምክንያት እንደ ሆነ አውቃለሁ። አንደኛ፣ ገብረሕይወት በሆስፒታል የበሽተኛ አልጋ ሲገፋ አንገቱን ታሞ ሰባት ወር ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር፤ ዝምታም አብዝቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ነፍጡ ቅዳሜ በደመራው ላይ ሲተኮስ ምእመኑ ሁሉ አይቷል። እሑድ ተመልሶ ጎርሶ ከተገኘ፣ ያጎረሰው እሱ ራሱ ነው ተባለ። ሦስተኛው የእኔ ምስክርነት ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሰው ግን አንገቱን ስለ ታመመ ራሱን አይገድልም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሐሰት ናቸው። ሁለቱንም ከነምክንያታቸው ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

በውሳኔው መሠረት ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን ከደብሩ ቦታ ውጭ፣ በሕዝብ መቃብር ተቀበረ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ካህን አልቆመም፣ መስቀል አልወጣም። የመቃብሩ ሠራተኛ ገመዱን ለቀቀና ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ስልሳ የምንሆን ሰዎች ምን እንደሚደረግ ጠፍቶን ጫማ ጫማችንን እናይ ነበር። ከመሐላችን አቡነ ዘበሰማያት እንኳ የደፈረ አልተገኘም። የጸለየችለት በሆስፒታል አብራው ትሠራ የነበረች፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነች ማርታ የምትባል ነርስ ናት። ሳትፈራ ወደ ፊት ወጥታ በራሷ ቃል ጸለየች። ባለቤቱ ወይዘሮ ጥሩሰው ማርታ እስክትጨርስ ቆመው ነበር፤ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። አላለቀሱም። ባል ራሱን ገደለ ከተባለ ሚስት በምን አፏ ታለቅሳለች?

4. አሁን ስለ ሥራዬ በአጭሩ ላስረዳ። አለዚያ የምለው አይገባም።

ነፍጥ ባሩድና እርሳስ ከአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ነው። ሎክ የሚባለው በጎኑ የሚገጠመው ማቀጣጠያ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ባልጩት ከብረት ጋር አጋጭቶ ብልጭታ ያወጣል። ሌላው አፉ ላይ የተደፋችለትን ትንሽ የመዳብ ቆብ በመዶሻ መትቶ ያቀጣጥላል። ዛሬ የሚሠሩት ሁሉ የድሮዎቹ ቅጂዎች ናቸው። ብረቱ በቅርጽ ፈስሶ ቁርጥራጩ በፖስታ ይመጣል፤ መሞረድ፣ ማስማማት፣ ማጠንከርና መግጠም የእኔ ፈንታ ነው። ኬኔሶ ውስጥ ቶሚ በሚባል አሜሪካዊ መሥሪያ ቤት ይህን ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ገዢዎቹ የድሮ ወታደር ልብስ ለብሰው በየሜዳው ውጊያ የሚያስመስሉ ጎልማሶች ናቸው። መጀመሪያ ሳያቸው አእምሯቸውን የነካቸው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን እንጀራዬ ሆኑ።

ለገብረሕይወት ነፍጥ የሠራሁለት ለልጄ የክርስትና አባት በሆነ ጊዜ ነው። እሱ በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዳየው ያለ፣ ባለ ባልጩት ነበር የፈለገው። «ባልጩቱ ያስቸግርሃል፣ ባለ ቆቡ ይሻላል፣ እሱ አስተማማኝ ነው» ብዬ አሳመንኩት። አስተማማኝ የምትለዋን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሎኩ ውስጥ ሁለት ጥርስ የተቆረጠለት ትንሽ ብረት አለ። መዶሻው ወደ ኋላ ሲሳብ መጀመሪያ የሚይዘው በማረፊያዋ ጥርስ ነው። እዚያ ላይ ሳለ ምላጩ ቢሳብም መተኮስ የለበትም፤ ሰው ነፍጡን ይዞ የሚሄደው እሷን አምኖ ነው። ሁለተኛዋ የመተኮሻዋ ናት። ምላጭ የሚያላቅቀው ይህችኛዋን ብቻ ነው።

5. ባለፈው ነሐሴ ገብረሕይወት ምላጩ ከበደኝ አለኝ። ከአንገቱ ሕመም ጋር ቀኝ እጁ ይደነዝዘው ነበር። ሎኩን ፈትቼ ወስጄ የመተኮሻዋን ጥርስ አሳሳሁለት። በዚህ ጊዜ ሞረዱ አመለጠኝና የማረፊያዋን ጥርስ ጠርዝ ላጣት። እነዚህ ጥርሶች የሚጠነክሩት ላይ ላያቸውን ብቻ ነው፤ ቆዳቸው ከተገፈፈ ውስጡ ለስላሳ ብረት ነው። አላየሁም አልልም፣ አይቻለሁ። በአጥንት ከሰል ታሽጎ እንደገና እሳት መግባትና መነከር ነበረበት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያን ዕለት ለቶሚ ስድስት ሎክ ማስረከብ ነበረብኝ። ዘይት ቀብቼ ገጠምኩትና ኋላ አደርገዋለሁ አልኩ።

አባቴ በሕይወት ቢኖርና ቢያየኝ መዶሻውን ይወረውርብኝ ነበር። እሱ ማረሻ እንኳ ሳይጠነክር ከእጁ አያወጣም ነበር፤ ማረሻ ደግሞ ሰው አይገድልም።

6. ፖሊስ ጉዳዩን ዘግቶ ነፍጡን ለቤተሰቡ መለሰ። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን ወይዘሮ ጥሩሰው ደውለው፣ «ታደገ ወንድሜ፣ ይህን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ፤ ሽጠው፣ ስበረው፣ እንደ ወደድክ» አሉኝ። ሄጄ ተቀበልኳቸው። ሰኞ ኬኔሶ ወስጄ ሎኩን ፈታሁት። ባዶ ሎኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ መዶሻውን በማረፊያዋ ጥርስ ላይ አስቀመጥኩትና ጠረጴዛውን በመዳፌ ነካ አደረግኩት። መዶሻው ወደቀ። ደግሜ ሞከርኩ። አሥር ጊዜ ሞክሬ ሰባት ጊዜ ወደቀ። ጥርሷ እንደ ሽማግሌ ጥርስ አልቃለች።

ቶሚ ቀርቦ አየ። ጠበቃ ሳትይዝ ይህን ለማንም እንዳትናገር አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእኔ አስቦ ነው። ነገር ግን ጠበቃ የሚያስፈልገው እዚያ መቃብር ውስጥ ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ መቅጠር አይችልም።

7. አባቶች ሆይ፣ አፈሙዙ ለምን ወደ አፉ ሆነ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ነፍጥ ከተተኮሰ በኋላ ባሩዱ ጥላሸት ይተዋል። ሊያጥብ የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ የእሳት ማሳለፊያዋ ቀዳዳ መዘጋት አለመዘጋቷን ማወቅ አለበት። መዶሻውን በማረፊያዋ ጥርስ ላይ ያደርግና በአፈሙዙ እፍ ይላል። መንገዱ ክፍት ከሆነ የተቃጠለችው ቆብ ከቦታዋ ተነሥታ ትወድቃለች። ጥንቁቅ የሆነ ሰው ይህን አያደርግም፤ እኛ ግን በኬኔሶ ሁላችንም እናደርገዋለን። ለገብረሕይወት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እፍ ብሎ ቆቧ ስትበር ሲያይ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ። ነፍጥ የሚታጠበው በሙቅ ውኃ ነው። ወይዘሮ ጥሩሰው ያን ዕለት «ውኃ አሙቂልኝ» እንዳላቸው፣ ጀበናውም ምድጃ ላይ እንደ ነበረ፣ ጨርቁና ዘይቱም በረንዳው ላይ ተዘርግቶ እንደ ተገኘ ለጉባኤው ተናግረው ነበር። የሚስት ቃል ነው ተብሎ ታለፈ። አስከሬኑን የመረመሩት ሰዎችም እርሳስ እንዳላገኙ ተናግረው ነበር። ነፍጡ የጎረሰው ባሩድና ጨርቅ ብቻ ነበር። ራሱን ሊገድል የተነሣ ሰው እርሳሱን ይረሳል? ለነፍጡ ማጠቢያስ ውኃ ያስሞቃል? እኔ ብረት የማውቀው ሰው እዚያው ተቀምጬ ሁለቱንም ሰምቼ ዝም አልኩ።

8. አሁን ዋናውን እጽፋለሁ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሰው በሥራ ስሕተት ሊለው ይችላል።

ደመራው ሰው እንዲመቸው ወደ ቅዳሜ መስከረም 17 መዛወሩ ይታወሳል። ደመራው ሲለኮስ ገብረሕይወት አንድ ጊዜ ተኮሰ፤ ባዶ ባሩድ ነው፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ከአባቶችም ፈገግ ያለ ነበር። ከዚያ ነፍጡን ለእኔ ሰጥቶኝ መኪና ሊያስተናግድ ወደ ፓርኪንጉ ሄደ። በእኛ አገር ለደመራ አንድ ተኩሶ ማቆም የለም፤ ሦስት ነው የሚባለው። እሱ ሲመለስ ዝግጁ ላድርግለት ብዬ ባሩድ አፈሰስኩ፣ ጨርቅ ጠቀጠቅሁ፣ አዲስ ቆብም ደፋሁለት። እሱ አላየም። ወዲያው ጎረቤት ጠርቶት ይሁን አላውቅም የፖሊስ መኪና ገባ። አቶ ሕሩይ በእጃቸው «አንሣው፣ አንሣው» አሉኝ። መዶሻውን በማረፊያዋ ጥርስ ላይ አድርጌ ነፍጡን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የገብረሕይወት መኪና ኋላ ከተትኩት። ስንለያይ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ጭፈራው ደራ፣ ምግብ መጣ፣ ሰው ጠራኝ፣ ረሳሁት። ቤቴ ስደርስም አላስታወስኩትም።

ስለዚህ ገብረሕይወት እሑድ ያወጣው ነፍጥ እሱ የሚያውቀው ነፍጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተተኩሶ ባዶ የሆነ፣ የተቃጠለች ቆብ አናቱ ላይ የቀረችበት። ሰደፉን መሬት አስነካ፣ እፍ ሊል ጎንበስ አለ፣ እኔ የላጥኳት ጥርስ አመለጠች፣ መዶሻው እኔ የደፋሁትን ቆብ መታ፣ እኔ ያጎረስኩት ባሩድ ተቀጣጠለ። እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር እኔን ማመን ብቻ ነው። አፈሙዙ ከአፉ ቢርቅ ኖሮ ባሩድና ጨርቅ ያስደነግጠው ነበር እንጂ አይገድለውም ነበር።

9. ጉባኤው፣ ለምን ሠላሳ ሁለት ቀን ዝም አልክ ቢለኝ መልስ ይገባዋል። ሎኩ መበላሸቱን በእርግጥ ያወቅሁት ከሦስት ቀን በፊት ነው። ያጎረስኩት እኔ መሆኔን ግን መሞቱን በሰማሁባት ሰዓት አውቄአለሁ። ጉባኤው ፊት ስቀመጥ፣ ማን አጎረሰው ብለው ከጠየቁኝ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። አልጠየቃችሁኝም። ስላልጠየቃችሁኝ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ፖሊስ ፈርቼ አይደለም። እስር ቤትም ፈርቼ አይደለም፤ ከአገሬ ወጥቼ ካርቱም እስክገባ ሁለት ጊዜ ታስሬ አይቼዋለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው። እኔ ከአንኮበር ወዲያ የጠይብ ልጅ ነኝ። አባቴም አያቴም ቀጥቃጭ ነበሩ። ከእኛ ጋር የሚበላ አልነበረም፤ ሰው ሲታመም ቡዳ በላው ተብሎ የሚታየው የእኛ ቤት ነው። እዚህ አገር መጥቼም እንኳ፣ በዚሁ ደብር አዳራሽ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃኗን ሳየው ፊቱን በነጠላዋ ስትሸፍን አይቻለሁ። ያን ዕለት ይህንኑ አይቶ፣ እሱ የባላባት ልጅ ሆኖ፣ ሰው በሞላበት ከሳህኔ አንሥቶ የበላው፣ እኔንም ያጎረሰኝ ገብረሕይወት ነው። ከዚያ በኋላ ለልጄ የክርስትና አባት የሚሆን ሰው ሳጣ «እኔ ምን ሆኛለሁ?» አለኝ።

እንግዲህ የሠራሁት ነፍጥ፣ በእጄ ያጎረስኩት ነፍጥ እሱን ገደለው ብል፣ «ቀጥቃጩ በላው» ይባላል ብዬ ፈራሁ። የዕድሜ ልክ ስድብ ማስረጃ ሊያገኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ለእኔ ሲል ስሙን ለሐሜት ሰጠ፤ እኔ ደግሞ ለስሜ ስል እሱ ያለ ጸሎት አፈር እንዲገባ ፈቀድኩ። ቡዳ ብሎ ነገር የለም ብዬ እስከ ዛሬ እከራከር ነበር። ሰውን ዝም ብሎ የሚበላ ሰው እንዳለ ግን አሁን አውቄአለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ሶስና መኪናዬ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ልጅቷ እዚሁ ነው ያደገችው። «ጋሼ፣ ጀስት ንገረኝ፣ ኦኬ? አንተ ነፍጡን ታውቀዋለህ። ዳዲ ፕላን አድርጎት ነው ወይስ አክሲደንት ነው?» አለችኝ። «እግዜር ያውቃል ልጄ» ብያት መኪናዬን አስነሣሁ። እግዜር ብቻ አልነበረም የሚያውቀው።

ሶስና ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። እናቷ ለሰንበት ቅዳሴ የሚቆሙት በር አጠገብ ነው፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥተው ይሄዳሉ። ይህን ሁላችሁም እያያችሁ ነው።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፤

ሀ) መስከረም 22 ቀን የሰጠሁት ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝና ይህ ማመልከቻ በምትኩ እንዲያያዝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኔ ቃል እዚያ ወረቀት ላይ ካለ፣ እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላም ገብረሕይወት ራሱን የገደለ ሰው ሆኖ ይኖራል።

ለ) የፊታችን ሐሙስ ጥቅምት 27 ቀን፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ አርባው ነው። በዚያ ቀን ካህናት መቃብሩ ድረስ ሄደው ፍትሐቱን እንዲያደርጉለት። አስከሬኑ ተነሥቶ ወደ ደብሩ ቦታ ይምጣ አልልም፤ ጉባኤው ያንን ቢፈቅድ የወይዘሮ ጥሩሰው ውሳኔ ነው። ጸሎቱ ግን ከአርባው እንዳያልፍ። የፍርዱን ጉዳይ ለሊቀ ጳጳሱ እናቅርብ፣ የበላይ መመሪያ እንጠብቅ ብላችሁ ቀኑን እንዳታሳልፉት እለምናለሁ። ሲፈረድበት ጊዜ አራት ቀን በቅቶ ነበር።

ሐ) ውሳኔው ተሰምቶ የነበረው በሹክሹክታ ነው። መታረሙ ግን ከአርባው ቀጥሎ ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምእመኑ ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነገር። አንባቢ ካስፈለገ እኔው ቆሜ አነባለሁ።

ስለ ራሴ የምለምነው ነገር የለም። ንስሐ አባቴ የሚሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ፤ ከደብሩ አባልነት ልሰናበት ቢባልም አልከራከርም። ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን ለፖሊስ ቃሌን ለመስጠት ቀጠሮ ይዣለሁ። የሥራ መሣሪያዬን ለቶሚ አስረክቤአለሁ። ብረት እንደጋለ ነው የሚቀጠቀጠው፤ እኔ የመጣሁት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ ይህንንም አውቃለሁ። ሆኖም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእኔ ባይሆን ለእሱ ይጥራለት።

ከዚህ ማመልከቻ ጋር ሎኩን ከነጥርሱ በፖስታ አሽጌ አያይዣለሁ። ነፍጡ የለበትም፣ ባሩድም የለበትም፣ ማንንም አይጎዳም። ቃሌን አንድ ጊዜ አምናችሁ ስለ ተሳሳታችሁ አሁን እንድታምኑኝ አልጠይቅም። መዶሻውን ወደ መጀመሪያው ጥርስ ሳቡትና የስብሰባውን ጠረጴዛ በመዳፋችሁ ነካ አድርጉት። ሲወድቅ ድምፁን ትሰማላችሁ። ያ ድምፅ ነው ምስክሬ።

ከአክብሮትና ከኀፍረት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ታደገ አምባዬ
ቀጥቃጭ
ክላርክስተን፣ ጆርጂያ

አባሪ፦ አንድ ሎክ፣ በታሸገ ፖስታ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጥሩሰው፣ ፓይን ሌክ። ይህ ወረቀት እሑድ ጽሕፈት ቤቱ ከመግባቱ በፊት ቅዳሜ ጠዋት በእጄ የምሰጣቸው፣ ሶስናም ባለችበት ራሴ የማነብላቸው። እስከ አሁን የሚያውቁት ነገር የለም። ትናንት ደውለው፣ ለአርባው ሌላ ሰው ባይመጣ እንኳ አንተ እንዳትቀርብኝ ብለውኛል።